ይለመዳል

«አመመዎት እንዴ?» አለች ተለማማጇ።

«ኧረ ምንም አይል!» አለ ሾፌሩ። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል፤ የብረት መደገፊያዎቹንም ጥብቅ አድርጎ ጨብጧል። መኪና ተገልብጦበት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ወዲህ ቆሞ ሲራመድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወርክሾፑ የሠራለት አዲስ እግር በየእርምጃው ሲጥ ይላል።

ተለማማጇ ዓይኗን ከአዲሱ እግር ላይ ነቀለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምትማረውም ሰው ሠራሽ እግርና እጅ መሥራት ነው። ኮሌጁ ልጆቹን ገና በጠዋቱ ወደ ሥራ ቦታ ይልካል። «ቶሎ ሥራ ያየ ቶሎ ይበስላል!» ብለው ነበር ዲኑ መድረክ ላይ ወጥተው። ተማሪው አጨበጨበ፣ እሷም አጨበጨበች። ማጨብጨብ ምን ይከብዳል!

ባለፈው ሳምንት የሾፌሩን እግር ቅርጽ በጄሶ የወሰደችው እሷ ናት። ጄሶው ከመጠቅለሉ በፊት ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ጎላ ያለችው አጥንት በቀለም ምልክት ይደረግባታል። ምልክቱ ጄሶው ላይ ሲታተም ሠራተኞቹ እዚያ ጋ ለአጥንቷ ቦታ ይተዋሉ። ያን ቀን ሾፌሩ ስለ ትንሿ ልጁ ተንኮል እያወራ በሳቅ ሲገድላት ምልክቱን ዘነጋችው። ይኸው አሁን የአዲሱ እግር ጠንካራ ፕላስቲክ አጥንቱ ላይ ተቀምጦ ይፈጨዋል።

የወርክሾፑን ኃላፊ ሁሉም «አለቃ» ነው የሚለው። የጄሶ ከረጢቶች የተደረደሩበት ክፍል ድረስ ተከትላው ገባች።

«አለቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አጥንቱ ላይ ምልክት ማድረግ ረስቻለሁ። እንደገና እንሥራላቸው።»

«ነገ በዕቃ የሚረዱን ሰዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ። ፊታቸው ማን ሊራመድ ነው? አንቺ?»

«ግን እኮ ያቆስላቸዋል።»

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። እሱ አላመመኝም እያለ አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ? ይለመዳል!» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ውጤትሽን የምሰጠው እኔ ነኝ። ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ አታበላሺው።»

ልምምዱን ያላለፈ ዓመቱን ይደግማል። አለቃም እንደምታውቅ ያውቃል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ደጃፍ ላይ ከጎረቤቶች ጋር ቆማለች። «ልጄ እኮ እግር ነው የምትሠራው!» ትላለች፣ አፏን ሞልታ። ጎረቤቶቹ «እሰይ፣ ይባርካት!» አሉ። ተለማማጇ አፈረች። ራሴን አሞኛል ብላ ገብታ ተኛች።

በማግስቱ ሾፌሩ እንግዶቹን ቀድሞ ደረሰ። ሱሪው ተተኩሷል፤ ትንሿ ልጁ ከፊት ከፊቱ ትዘላለች። ተለማማጇ ዕቃ አስቀምጣ ስትመለስ እግሩን ራሱ አጥልቆ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነው። ከላይ ብቅ ያለው፣ ቁራጭ እግሩ የለበሰው ነጭ ካልሲ ላይ የትናንት ደም ደርቋል።

«ጋሼ፣ ያውልቁት» አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አጥንትዎን እየፈጨው ነው። ሌላ እንሠራለን።»

ያመሰግነኛል ብላ ነበር። ሞኝ!

ሾፌሩ ፊቱ ጠቆረ። «ማን ጠየቀሽ?» አለ ልጁ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ በእግሬ ሄጄ አሳይሻለሁ ብያታለሁ። ስንት ወር ስትጠብቅ ነው የከረመችው፣ ታውቂያለሽ? ቁስሉ የኔ፣ እግሩ የኔ። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። በሩ ተከፈተ፤ አለቃ እየሳቀ እንግዶቹን ሲቀበል ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ብትተወው ማንም አይጠይቃትም። እንድትናገር የፈለገ አንድም ሰው የለም፤ ባለቁስሉ እንኳ አልፈለገም። እንዲህ ከሆነ መብሰል ባፍንጫዬ ይውጣ፣ አለች በሆዷ።

«ይቀየሙኝ፣ ጋሼ» አለችና ተንበርክካ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች።

ትንሿ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ተለማማጇ ሰማቻት፤ እጇን ግን አላቆመችም።