ደሟን የምታሳየው ሥር

የዕፅዋት ማዕከሉ ኃላፊ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። መነጽሩ ከአንድ ጆሮው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ ግማሹ የተጠጣ ብርጭቆ አለ፤ ታቹ ላይ የሥር ድቃቂ ዘቅጧል። ዐሥራ አምስት ዓመት ጨጓራውን ሲያስታግስበት የኖረው ያው የጠዋት መጠጡ ነው። ሐኪሙ መጣ፣ የዓይኑን ቆብ ገልጦ አየ፣ ብርጭቆውን አሸተተ፣ «መርዝ ነው» ብሎ ጓንቱን አወለቀ።

ገዳይ ለመፈለግ ማንም አልደከመም። ያንን ሥር ቆፍረው የሚያመጡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሊያከብሯቸው ሲፈልጉ «አዋቂው»፣ ሲያሟቸው «ሥር ማሹ» ይሏቸዋል፤ በግቢው ውስጥ ደግሞ የሚያማው ይበዛል። እሳቸውም ወሬውን ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፖሊስ ሲመጣ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ነኝ፤ እሰሩኝ» አሉ።

እንዲህ በስሎ የቀረበ ነገር ማን ይጠላል? መርማሪዋ ትጠላለች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ የሰጧትን ሁሉ ሳትነፋ አትቀበልም። ገና እንደገባች ሥሩ ከሚፈጭበት የሻይ ክፍል ሄዳ ማስቀመጫ ጣሳውን ከፈተች። ያልተፈጩ ሦስት ቁራጮች ቀርተዋል፤ ሦስቱም ከላይ እስከ ታች በስለት ለሁለት ተሰንጥቀዋል። በአንዱ ጫፍ ላይ ጥሬ፣ አረንጓዴ ፍሬ ያለበት ቅንጣቢ ግንድ ተንጠልጥሏል። በላስቲክ አድርጋ ለሽማግሌው አሳየቻቸው። አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው በመስኮቱ አልፎ ወደ ግቢው ማዶ ሄደ፤ ቶሎም መለሱት።

«አባቴ፣ ለምን ገደሉት?»

«ጠልቼው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጥቂት አሰቡ። «ከሰሞኑ።»

«ሥሩን በምን ሰነጠቁት?»

«በቢላ ነዋ። በጥርሴ ልሰንጥቀው?»

ወንፊት ሳቋን ዋጠች።  ሰባ ሁለት ዓመት እውነት ሲናገር ለኖረ ሰው ውሸት ከባድ ሥራ ነው።

የሟችን ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ባሏ ያንን መጠጥ ከሽማግሌው እጅ የመጣ ካልሆነ አይቀምስም ነበር አለች፤ አንዴ እሷ ከገበያ ያመጣችለትን ሥር አሽቀንጥሮ ደፍቶባታል። ምክትሉ ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ዐሥር ዓመት ወንበሩን የጠበቀ ሰው ነው፤ ቃሉን በወስፌ ማውጣት ነበረባት። ኃላፊውና ሽማግሌው ከሁለት ዓመት በፊት ተጣልተው እንደነበር በመጨረሻ ተናገረ። በምን? ኃላፊው ስለ መድኃኒት ተክሎች ባሳተመው መጽሐፍ። በመጽሐፉ ምን? «በአንድ ገጽ» አለና አፉን ዘጋ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳትጠይቀው የነገራት ይበልጥ ጠቀማት፦ ሽማግሌው ጉልበታቸውን ታመው ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጡም፤ ዛሬ በዱላ ተደግፈው መምጣታቸው ነው።

ግቢው ማዶ ያለው የናሙና ክፍል ነው። እዚያ የሽማግሌው ልጅ ትሠራለች፤ የደረቁ ተክሎችን ነጭ ወረቀት ላይ እየለጠፈች ስማቸውን ትጽፋለች። «ለጣፊዋ» ይሏታል። ጣቶቿ ላይ ሙጫ ደርቋል፤ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«አባዬ ዝንብ አይገድልም» አለች። «ሲወስዱት «አንቺ ምንም አታውቂም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አላውቅም። ምን ላድርግ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ?»

 ወንፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን እያየች ነበር፦ ሙጫ፣ መቀስ፣ ቀጭን ቢላ፣ ለመለጠፍ የተዘጋጀ ወፍራም ሥር። ሥሩ ወረቀቱ ላይ ተደላድሎ እንዲተኛ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቋል።

ከቀትር በፊት ሽማግሌውን ከነካቴናቸው ከግቢው ጀርባ ወዳለው ተዳፋት ወሰደቻቸው። ሁለት ቁጥቋጦዎች ጎን ለጎን በቅለዋል፤ ቅጠላቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ነጭ አበባቸው አንድ።

«መድኃኒቷ የቷ ናት?» አለቻቸው።

ዝም ሊሉ አስበው ነበር፤ እጃቸው ግን እምቢ አላቸው። ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ጫሩ፣ ከግራዋ አንድ ቅርንጫፍ ሥር አወጡ፣ ቀጭ አድርገው ሰበሩት። ነጭ ወተት አቀረረ። በሹክሹክታ እስከ ዐሥር ቆጠሩ። ወተቱ ቀላ።

«ደጓ ደሟን ታሳያለች። ክፉዋ እንደ ነጣች ትቀራለች። ንብም የምትቀመጠው በደጓ አበባ ላይ ነው፤ ያችኛዋን ዝንብ እንኳ አይጠጋትም። ስለት አይነካትም፤ በቢላ የቆረጠ ሰው ይቸኩላል፣ ወተቱን አይጠብቅም። አሁን ደግሞ ፍሬዋ ጥሬ ነው፤ ሳታራግፍ አትቆፈርም። ልጅ ሳትተካ እናት አትነቀልም።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የተናገሩት የገባቸው ከተናገሩ በኋላ ነው። ቁራጯን ኪሳቸው ከተቱና መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ ታስሬ የምኖረው ጥቂት ነው። የእኔዋ ግን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መርዝ ነው ሲሉ፣ እኔ ካልቆፈርኩ ከእሷ ሌላ ማን እንደሚቆፍርለት ገባኝ። እባክሽ፣ ነገሩን እዚህ ላይ ተይው።»

ወንፊት አጠገባቸው ቆማ ንቦቹን አየች። በሃያ ዓመት ሥራዋ እውነትን ባላገኘሁ ብላ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በናሙናው ክፍል ሰበሰበች፦ ሚስትየዋን፣ ምክትሉን፣ ለጣፊዋን፣ ሽማግሌውን።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብላ ጀመረች። «እኚህ ሰው ገደልኩ ይላሉ። ጣሳው ውስጥ ያለው ሥር በቢላ የተሰነጠቀ ነው፤ እሳቸው ሥር በስለት አይነኩም። ፍሬው ጥሬ ሳለ የተቆፈረ ነው፤ እሳቸው ፍሬዋን ሳታራግፍ አይነቅሉም። ሦስት ሳምንትም ከቤት አልወጡም። ስለዚህ የቆፈረው ሌላ ሰው ነው። ሥርን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ እጅ ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ነው። ልማድ ነው፤ እጅ ሳያስበው ያደርገዋል።»

ለጣፊዋ ጣቶቿን አየች። «እኔ ነኝ የቆፈርኩት» አለች፣ ምንም ሳትደብቅ። «ሥሩ አልቆ ነበር። አባዬን ከሕመሙ ላለማስነሣት ብዬ ነው። የእኔ መሆኑን ካወቀ አይጠጣም ብዬ ለጋሼ ለኃላፊው አልነገርኩትም። ግን ትክክለኛውን ነው ያመጣሁት። መጽሐፉን ይዤ ሄጄ፣ ከሥዕሉ ጋር አስተያይቼ ነው የቆፈርኩት።»

ወንፊት መጽሐፉን ገለጠች። ሁለቱ ተክሎች ጎን ለጎን ተሥለዋል፤ መድኃኒቷ በሥሯ ቀጭን ጭራ፣ መርዟ በሥሯ እብጠት ትለያለች። በአጠገቡ በሽማግሌው ቃል የተለጠፈውን የድሮ ናሙና አስቀመጠች። በናሙናው ላይ እብጠት ያለው የመድኃኒቷ ሥር ነው። በመጽሐፉ የሁለቱ ስም ቦታ ተለዋውጧል።

«ጠቡ በዚህ ገጽ ነበር፣ አይደል?» አለችው ምክትሉን።

ምክትሉ ላቡን ጠረገ። ሽማግሌው መጥተው ሥዕሎቹ መለዋወጣቸውን ተናግረው ነበር። ኃላፊው «ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው መጽሐፌን የሚያርመው?» ብሎ አስወጣቸው። ምክትሉ ግን እውነታቸውን እንደሆነ ያኔም ገብቶት ነበር። ወንበሩን ላለማጣት ዝም አለ።

«እሱም ገብቶት ነበር» አለች ወንፊት። ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን የግል ቅጂ አወጣች። በዚያው ገጽ ላይ፣ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው፣ በራሱ እጅ በእርሳስ የተሠመረ ቀስት አለ። «ለራሱ የሽማግሌውን እጅ አመነ፤ ለሌላው መጽሐፉን ተወለት። ሥሩን ቢያየው ኖሮ ያውቀው ይሆናል። ግን ከሻይ ክፍሉ ተፈጭቶ ቀረበለት።»

ሚስትየዋ ፊቷን ሸፈነች። ወንፊት ስንት ቅጂ እንደተሰራጨ ጠየቀች። ሁለት ሺህ ነው አለ ምክትሉ፤ እየተባዛም ይሸጣል፤ የት የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«አባዬ» አለች ለጣፊዋ። ድምጿ የሕፃን ሆነ። «እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

ሽማግሌው ወደ ወንፊት ዞሩ። «እኔ ነኝ! አላስተማርኳትማ! «አንቺስ እንደኔ ተንቀሽ አትቅሪ» ብዬ ትምህርት ቤት ላክኋት። ተዳፋቱን አሳይኝ ስትለኝ «መጽሐፍሽን አንብቢ» አልኳት። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወንፊት ታውቃለች። ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ላቡን ይጠርጋል። ሕግ ግን ገጽ አያስርም። ሥሩን የቆፈረችው እጅ የሷ ናት፤ ክሱም ስም አለው፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ካቴናውን ከአባት እጅ ፈታች። ለልጅ ስታስር ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጣት።

ሽማግሌው ዱላቸውን ረስተው እያነከሱ እስከ መኪናው ተከተሉ። በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ከኪሳቸው ያወጧትን ሥር ልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩ።

«ስበሪያት። በእጅሽ። አሁን ቁጠሪ።»

ሰበረቻት። ወተቱ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አባትና ልጅ አብረው ቆጠሩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ከፊት የተቀመጠችው ወንፊት ክንዱን ያዘችው።

«ትንሽ ቆይ» አለች። ከዚያ በላይ ልታደርግላቸው የምትችለው ነገር አልነበረም።

ዐሥር ሲሉ ወተቱ ቀላ።

«አየሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ይቺ ናት።»

«አየሁ፣ አባዬ።»

መኪናው ሄደ።