ሰሎሜ የጠበሰችው ኑድል

ኢንስፔክተር ይታይሽ ስትደርስ በቃሉ ከትሪው አጠገብ ተዘርሮ ነበር። ጢሙ ላይ ወፍራም ቡናማ ስጎ ደርቋል። ከአጥሩ ውጭ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «መርዘኛዋን አውጧት!» ይላል። ጓሮ ደግሞ የሟቹ ሚስት ሰገነትና ታናሽ እኅቷ ሰሎሜ ወተት እየጠጡ ያስመልሳሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምግቡን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ሰሎሜ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«ምን ነበር?»

«የጃፓኖች ጥብስ ኑድል። ቤሩት ስሠራ የለመድኩት ነው። አሶሳ ኑድሉ ስለማይገኝ ስስ ስፓጌቲ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ ቀቅዬ፣ ከጥቅል ጎመንና ካሮት ጋር ጠበስኩት። ስጎው ሶያ ሶስ፣ ካቻፕ፣ ስኳርና አቼቶ ብቻ ነው፤ በማርያም!»

«እንዴት በላችሁ?»

«የበቃሉን ወንድም ጨምሮ አራታችን ከአንድ ትሪ፣ በሹካ። ስጎው እጅ ያጣብቃላ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስሩን አይደለም የምፈራው። እኅቴ ፊቴን አላይ አለች።»

እውነትም ሰገነት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። «እኔም የምሞት ይመስለኛል» አለች ለኢንስፔክተሯ። «ከምግቡ በፊት አስታጠብኳቸው፤ የመታጠቢያውንም ውሃ ደፋሁት። በልተን ስናጋምስ እሷ ስጎ፣ እኔ የሚጠጣ ውሃ ልናመጣ ማድ ቤት ገባን። ስንመለስ በቃሉ ሆዱን ይዞ ይንፈራገጣል።»

ሳሎን ውስጥ የሟቹ ታላቅ ወንድም አሳምነው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠለት ወተት አልተነካም።

«እርስዎ አልበሉም?»

«በደንብ በላሁ እንጂ! እግዚአብሔር አተረፈኝ።»

«ታዲያ ወተቱን?»

«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ፤ ጾም ነው። ሰሎሜም የጾም ነው የሠራችው።»

ይታይሽ ጥግ ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ሳህን ጎንበስ ብላ አየችው። ቡናማ ውሃ አቁሯል፤ አንዲት የኑድል ቁራጭም ተንሳፍፋለች። ሁሉንም ሳሎን እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ሰሎሜ ግድግዳውን ይዛ ገባች።

«ሰሎሜን ብይዛት የውጭው ሕዝብ ይረካ ነበር» አለች ይታይሽ። «ግን የዚህን ቤት ፍርሃት ብቆጥረው አንድ ጎደለብኝ። መርዙ ትሪው ላይ ቢሆን አራታችሁም በወደቃችሁ። የተበላው በሹካ ነው፤ የሟቹ ጢም ግን በስጎ ተለውሷል። ሹካ እንዲህ አይለውስም፤ ጉርሻ ነው። ያጎረሰውም እጁን ታጥቧል፤ ሰገነት ውሃውን በደፋችው ሳህን ውስጥ ስጎ አለ። ያን ጊዜ ሴቶቹ ማድ ቤት ነበሩ።»

«ወንድሜን ማጉረስ ኃጢአት ነው እንዴ?» አለ አሳምነው።

«አይደለም። ነገር ግን አብሮዎት የበላ ወንድምዎ ዓይንዎ እያየ ሲሞት፣ መርዝ የዋጠ የመሰለው ሰው ጾም ያስታውሳል? ለነፍስ ተብሎ ወተት ቢጠጣ የንስሐ አባትዎም አይቆጡም። ትሪው ንጹሕ መሆኑን ያወቀ ብቻ ነው የማይፈራው። ኪስዎን ያሳዩኝ።»

ከኪሱ የወጣው የተጠቀለለ ላስቲክ የተባይ መድኃኒት ይሸታል። አሳምነው ዓይኑን ከላስቲኩ ላይ አልነቀለም።

«መንጌ ወረዳ የወርቅ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሰው ሲቀብር፣ ቆፍሩ ያልኩት እኔ ነበርኩ። በቃሉ ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክርብኝ ነበር።»

ሰገነት ወደ እሱ ቀረበች። ጋሼ ስትለው የኖረችው ሰው ነበር። «ስንት ጊዜ አጎረስከው?»

«አንድ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይል ነበር በቃሉ። ሁለተኛውን ሳይጠብቅ አይቀርም።»

«አዎ» አለ አሳምነው። «አፉን ከፍቶ፣ እየሳቀ ጠበቀኝ።»

ሰገነት ጮኸች። ጩኸቷ ሲያልቅ ግድግዳውን ይዛ ወደቆመችው እኅቷ ሄደች። ሰሎሜ አንገቷን እንዳቀረቀረች ናት።

«ቀና በይ» አለቻት ሰገነት፣ አገጯን በእጇ ይዛ። «ቀና በይ ሰሎሜ፤ እያየሁሽ ነው።»