የስምንት ለ ፊሽካ

«አንድ ጎደለ!» አለ ዋርፋ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እያለከለከ። «ማን እንደሆነች ልናገር ወይስ ታውቃላችሁ?»

ሁሉም ያውቃል።

ስምንት ለዎች ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ኖራ የተቀባውን ድንጋይ ከበው ቆመዋል። ጎርፍ ቢመጣ የሚሸሸው እዚህ ነው። አሁን ጎርፍ የለም፤ ልምምድ ነው። ለተሥላሴ በቀይ ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ፊሽካ በጣቷ እያሽከረከረች ቁልቁል ወደ ክፍላቸው አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከዚህ ሆና ውስጡ ባይታያትም ኢቅራ እንዴት እንደተቀመጠች ታውቃለች።

«ሂጂ አምጫታ!» አላት ዋርፋ። «ጓደኛሽ አይደለች? ቲቸር እንደሆነ ሙሉ ሳንሆን ሰዓቱን አያቆምም። በእሷ የተነሳ ሁልጊዜ መጨረሻ እኛ ነን።»

«አንተ ደግሞ! ባለፈው ሱሪህን በእጅህ ይዘህ ስትሮጥ ማን ተናገረህ?»

«ሁላችሁም!»

«ጎሽ። ዛሬም እንዳንደግምልህ አፍህን ያዝ።»

ልጆቹ ሳቁ። ለተሥላሴ ግን እየሳቀች አልነበረም ቁልቁል የወረደችው።

ኢቅራ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበረች። የዴስኩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። ጥቁር ሰሌዳውን ታያለች፤ ግን የምታየው ሰሌዳውን አይመስልም።

«ኢቁ፣ አለቀ እኮ። ልምምድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለች ኢቅራ። ልትስቅ ሞከረች። «ወላሂ ነው የምልሽ፣ ተነስ እለዋለሁ፣ አይሰማኝም።»

ለተሥላሴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከዴስኩ ላይ አላቀቀችላት። ቀዝቅዘዋል። ውጭ ያለው ፀሐይ ግን ድንጋይ ያፈነዳል።

ባለፈው ሚያዝያም ሰማዩ እንዲህ ጥርት ያለ ነበር። ጅግጅጋ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ካራማራ ተራራ ላይ ነው። የኢቅራ ታናሽ ወንድም አብሽር ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቶግ ውስጥ ኳስ ይጫወት ነበር። ቶግ ማለት ከሰፈሩ በታች ያለው የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚባል የለውም፤ ፍየል ያቋርጠዋል፣ መኪና አሸዋ ይጭንበታል። ኢቅራ ለምሳ ልትጠራው ሄዳ ዳሩ ላይ ቆማ ነበር። የጎርፉን ድምፅ ስትሰማ የአሸዋ መኪና መሰላት። ልጆቹ እየተጯጯኹ ወጡ። አብሽር ግን ኳሱን ሊያነሳ ተመለሰ። ስድስት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ቶግን ከመሻገሩ በፊት ቀና ብሎ ካራማራን ያያል። ከዚያ ወዲህ ነው ትምህርት ቤቱም ክበብ አቋቁሞ ልምምድ የጀመረው። ፊሽካው ለተሥላሴ አንገት ላይ የገባው ደግሞ ቲቸር ናሁሰናይ «በዚህ ክፍል ከሁሉም የምትጮኸው ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ አርባ ጣት እሷ ላይ ስለተቀሰረ ነው። ኮራችበት። ቀዩን ክር ራሷ ጎንጉና ሠራችው። እቤት ስትለማመድ ወታደር አባቷ «የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልታስነሺው ነው!» እያለ ይቆጣታል፤ ቀጥሎ ደግሞ እሱ ራሱ ተቀብሏት እንዴት እንደሚነፋ ያሳያታል።

አፏ የማያርፈው ለተሥላሴ፣ ስለዚያ ቀን ብቻ ኢቅራን አንድም ነገር ጠይቃት አታውቅም።

በማግስቱ ቲቸር ናሁሰናይ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣለ። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራቸው ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጥቶ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

«ጎርፍ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቢያልፍ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው!» አሉ ተማሪዎቹ።

«ውሃ ነው። መንገዱ ላይ ሰው፣ ቤት፣ ከብት ካለ ግን ስጋት ይሆናል። ደግሞ ጎርፉ አንድ ሆኖ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ፈጥኖ መውጣት የማይችል አለ፤ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ የታመመ። ተጋላጭ የምንለው እሱን ነው። ዝግጅት የሚጀምረው ከማን ነው? ከእሱ ነው።»

ለተሥላሴ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሱሪው የሚወልቅበት ሰውስ ተጋላጭ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ዋርፋ ደብተሩን ወረወረባት። ኢቅራ እንኳን አፏን በሻርፗ ሸፍና ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ለተሥላሴ ያየችው እሱን ነው። ለዚያ ስትል ነበር የጠየቀችው።

ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ቲቸር ናሁሰናይ አስቀራት።

«ረቡዕ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ» አላት። «የሦስት ትምህርት ቤቶችን ልምምድ ነው የሚያዩት። ጥሩ የሠራው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ይሰጠዋል። እኛ ካገኘን ቶግ ዳር ነው የሚተከለው። ካራማራ ላይ ሲዘንብ ከላይ ይደወልልናል፣ ሳይረኑ ይጮሃል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ገባሽ?»

«ገባኝ ቲቸር።»

«ከአራት ደቂቃ በታች መጨረስ አለብን።» ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረ። ክቡን አጠፋ። ከክቡ ሥር የጻፈውን «ተጋላጭ» የሚለውንም አጠፋ። «እንግዲህ ኢቅራ... ረቡዕ ብታርፍ ጥሩ ነው። ለራሷም ይከብዳታል። እኔ ብነግራት ትሸማቀቃለች። አንቺ በዘዴ...»

«በዘዴ ማለት ልዋሻት?»

«ለተሥላሴ!»

«እሺ። በዘዴ።»

ሰሌዳው ከጠራ ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም ይጠርጋል። አንድ ጊዜ እንኳን ዞሮ ዓይኗን አላየም። ለተሥላሴ ልትናገር የፈለገችው ነገር ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳይረኑን ስታስበው ተመልሶ ገባ። ሳይረኑ ከመጣ እኮ እንደ አብሽር ላሉት ነው። ለኢቅራም ቢሆን ነው። ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንግዶቹ «ያቺ ፊሽካ የምትነፋው ልጅ ጎበዝ ናት» ሲሉ በዓይነ ኅሊናዋ ታይቷት ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በአጥሩ ጥግ ጥግ አብረው ሄዱ። የኢቅራ ቤት ሩቅ አይደለም። እናቷ ወተት ሸጣ ስትመለስ ከግቢዋ ሆና ስሟን ብትጠራ እስከ ክፍል ይሰማል።

«ነገ ከክፍላችን ግማሹ ብቻ ነው የሚመጣው አሉ» አለች ለተሥላሴ። ዓይኗ አጥሩ ላይ ነበር። «ዕጣ ነው ያወጡት። አንቺ ከማይመጡት ውስጥ ነሽ።»

«ዕጣ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም» አለች ኢቅራ።

«ይኸው ወጣልሽ። ተኝተሽ አርፍጂ፣ የታደልሽ!»

«ሀዬ፣ እሺ።» ግቢያቸው በር ላይ ቆማ የለተሥላሴን ቀይ ክር አስተካከለችላት። ጫፉ ተተርትሮ ነበር፤ ቋጠረችው። «ነገ በደንብ ንፊው እሺ? ሳይረኑ ይምጣ።»

ስለ ሳይረኑ ማን ነገራት? ለተሥላሴ አልጠየቀችም። እስከ ቤቷ ድረስ ከማንም ጋር ሳታወራ ሄደች። እናቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት። «አሞሻል እንዴ? ዝም ብለሻል።»

ረቡዕ ጠዋት ሦስት እንግዶች ጉብታው ላይ በተዘረጋ ድንኳን ሥር ተቀመጡ። ከመካከላቸው መነጽር ያደረገች ሴትዮ ሰዓት በእጇ ይዛለች። ቲቸር ናሁሰናይ ከረባት አስሯል፤ ያለ ልማዱ ስለሆነ በየደቂቃው ይነካካዋል። ክፍሉ በር ላይ ለቆመችው ለተሥላሴ «ጀምሪ» ብሎ እጁን አውለበለበላት።

ለተሥላሴ ነፋች። ረዥም፣ ረዥም፣ ረዥም። በሕይወቷ እንደዚያ ነፍታ አታውቅም።

ስምንት ለዎች እንደ ውሃ ፈሰሱ። የተጋፋ የለም፣ የወደቀ የለም። የዋርፋ ሱሪ እንኳን በቀበቶ ታስሮ ነበር። ለተሥላሴ ዛሬ ሁሉንም አስወጥታ መጨረሻ ወጣች። ስትወጣ ሦስተኛውን ዴስክ አየችው። ባዶ ነው። ጠርዙን የያዘ እጅ የለም። ቀለል ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ዋርፋ በደስታ ክንዷን ጨበጣት። «አራት አልሞላም! ናያ አንቺ፣ አራት እኮ አልሞላም!»

ፊሽካ የያዙት የየክፍሉ አለቆች በየተራ መጥራት ጀመሩ።

«ሰባት ሀ፣ ሙሉ!»

«ሰባት ለ፣ ሙሉ!»

«ስምንት ሀ፣ ሙሉ!»

ሁሉም ወደ ለተሥላሴ ዞረ። የሴትዮዋ አውራ ጣት ሰዓቱ ላይ ነው። ቲቸር ናሁሰናይ ከረባቱን ይዞ ቆሟል። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ሳይረኑ ይመጣል።

ለተሥላሴ አፏን ከፈተች። ከበላይዋ ካራማራ ይታያል፤ ከበታችዋ ቶግ ነጭ አሸዋውን ዘርግቶ ተኝቷል። በመካከል የኢቅራ ቤት ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ ነው። ያን ያህል ቅርብ መሆኑን እስከዛሬ እንዴት ሳታስበው ቀረች?

የነፋችው ትዝ አላት፤ ኢቅራም ሰምታዋለች። ረዥም፣ ረዥም፣ ረዥም።

«ስምንት ለ» አለች። «አንድ ጎድላለች።»

«ምን?» አለ ዋርፋ።

«ኢቅራ ጎድላለች። ታማ አይደለም። ዕጣ ወጥቶባትም አይደለም። እኔ ነኝ እንዳትመጪ ያልኳት።»

ቲቸር ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፣ ለተሥላሴን አየች፤ አውራ ጣቷን ግን አልተጫነችውም።

«እንግዲያው ሰዓቱ አልቆመም» አለች በቀስታ።

ለተሥላሴ ቁልቁል ሮጠች። «ቆይ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፤ ዋርፋ ይሁን ሌላ ሰው አልለየችውም።

ኢቅራ ግቢያቸው በር ላይ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ነው። በሁለት እጇ የበሩን ቆርቆሮ ጨምድዳ ይዛለች።

«ኢቁ...»

«ዕጣ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር» አለች ኢቅራ ቀና ሳትል። «ግን ዛሬ እችላለሁ ብዬ ተነሳሁ። በር ላይ ስደርስ ነፋሽው።»

ለተሥላሴ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እንደገና መጣ።

«ይቅርታ። ጎርፉን እያስታወስኩሽ እኮ ነው ሁልጊዜ...»

«ጎርፉን አይደለም።» ኢቅራ ራሷን ነቀነቀች። «ጎርፉን ሳትነፊም አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን ማንም አልነፋም፣ ለቴ። ያን ያህል ሰው እያለ ማንም። አንቺ በነፋሽ ቁጥር ‹ይሄ ያኔ የት ነበር?› እላለሁ። እኔስ አፍ አልነበረኝም? ዳሩ ላይ ቆሜ እኮ ነበር። አብሽር ብዬ አልጮህኩም። እግሬም አፌም እምቢ አለኝ።»

ለተሥላሴ ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቆርቆሮውን ከጨበጡት እጆች አንዱን ያዘች። አላላቀቀችውም። ከነቆርቆሮው ያዘችው።

ከጉብታው ላይ የዋርፋ ጩኸት መጣ። «ለተሥላሴ! ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ!»

«ሂጂ» አለች ኢቅራ። «ሳይረኑ ይቀርባችኋል።»

«እግርሽ እሺ ሲል ንገሪኝ።»

«ባይልስ?»

ሁለቱም ቀና ብለው ካራማራን አዩ። ደመና አልነበረበትም። ዋርፋ እንደገና ጠራ፤ ቀጥሎ የቲቸር ናሁሰናይ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የማንም አልተሰማም። ለተሥላሴ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ከኢቅራ እግር ጎን ዘረጋች።