ያልተለካ ዝናብ

«ብልጭ አለ! ቁጠሪ!» ታናሽ ወንድሟ አፍንጫውን የጓሮው መስኮት ላይ ለጥፎ ጮኸ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ነጎድጓዱ ከኮረብታው ጀርባ ተንከባለለ። ቅድም አሥራ አምስት ድረስ ቆጥሮ ነበር። ሚሊ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከኋላው ቆማለች። ዓይኗ ግን ሰማዩ ላይ አልነበረም። ከቲማቲሙ መደብ ማዶ፣ እንጨት ላይ የታሰረው የዝናብ መለኪያ ላይ ነበር።

«ከዚህ ሲታይ እኮ ደህና ነው» አለ ወንድሟ። «ፕላስተሩ አይታይም።»

«ዝም በል፣ ቡሽ!»

«ዝም የምለው በብስኩት ነው። የትናንቱ አልቋል።»

ሌላ ቀን ቢሆን በኩርኩም ትለው ነበር። ዛሬ ግን ኪሷ ውስጥ የነበረውን ብስኩት አውጥታ ሰጠችው።

ትምህርት ቤት ለክረምት በሚዘጋበት ሰሞን የሳይንስ መምህሩ ዐሥር ተማሪዎች መርጠው ለእያንዳንዳቸው አንድ መለኪያ ሰጥተዋቸው ነበር። ቁጥር የተጻፈበት ረጅም የመስታወት ብልቃጥ ነው። «እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት፤ ምትክ የለውም» ብለዋቸዋል። ከዐሥሩ ኮረብታው ላይ ያለው የእሷ ብቻ ነው። እዚህ የዘነበው ውሃ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ታች ሰፈር ካለው ዝቅተኛ ድልድይ ይደርሳል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ሲመጣ የድልድዩ ጠባቂ ይደውሉላታል። በሩብ ሰዓት ከአሥራ አምስት ሚሊሜትር በላይ ከዘነበ ድልድዩ ይዘጋል። ጓደኞቿ «ሚሊሜትር» ያሏት በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቷም ሳያግዝ አልቀረም።

ከሁለት ሳምንት በፊት መለኪያውን ልታጥበው ስትወስድ ደረጃው ላይ አመለጣት። ሦስት ቦታ ተሰበረ። ስብርባሪውን በቁስል ፕላስተር አያይዛ መልሳ ሰቀለችው፤ ውሃ ግን አይዝም። ከዚያ ወዲህ ለመምህሩና ለድልድዩ ሰዎች የምትልከውን ቁጥር የምትጽፈው ጓሮውን እያየች በግምት ነው። ሲያካፋ ሦስት፣ መሬቱ ሲጨቀይ ሰባት። መምህሩ እንዲያውም ከቁጥሮቹ ዝርዝር ሥር «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥዪ» ብለው ጽፈውላታል።

ስልኩ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ሚሊዬ! አለሽ?»

የድልድዩ ጠባቂ፣ አባባ ድልድይ ነበሩ። ሌላ ስም ቢኖራቸውም የሚጠራቸው የለም። ከኋላቸው የሰው ጫጫታና የመኪና ጥሩንባ ይሰማል።

«አለሁ፣ አባባ።»

«ወደ እናንተ በኩል ጠቁሯል። ጀመረ እንዴ?»

«ገና ነው። ንፋስ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ዛሬ ዓይኔን አላምንም። ያንቺን ቁጥር ነው የምጠብቀው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመንገዱ ኢንጂነር ራሱ መጥቶ እዚህ ቆሟል። ያለፈው ማክሰኞ ስልክሽ አልነሣ ሲለኝ፣ ውሃው ሲሞላ አይቼ ዘግቼው አልነበር? ሰውን አንድ ሰዓት ሙሉ አቆምኩት። ኋላ ያንቺ ቁጥር ሲታይ ስድስት። ‹በስድስት ሚሊሜትር ድልድይ ይዘጋል እንዴ አባባ? ዓይንዎ ደክሟል› አለኝ። ምን ልበለው? በወሩ መጨረሻ ሌላ ሰው ሊተኩ ነው።»

ሚሊ ማክሰኞ ጓሮውን እንኳ አላየችውም። ከከተማው ማዶ ጓደኛዋ ቤት ፊልም ስታይ ውላ፣ ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና ነበር ስድስት ብላ የጻፈችው። ለምን ስድስት እንዳለችም አታስታውስም።

«ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ» አለች። «ስልኩን አይዝጉት።»

ንፋሱ ድንገት ቆመ። የዱባው ቅጠሎች እንደ ተዘረጋ እጅ ጸጥ አሉ። ኮረብታውን የሸፈነው ጥቁር ደመና ወደ አጥሩ ተጠጋ፤ ከሥሩ ነጭ መጋረጃ ይጎትታል። መጋረጃው የጎረቤትን ቆርቆሮ ሲነካ ከሩቅ የሚመጣ ጭብጨባ መሰለ። ብልጭታው ቤቱን አበራው።

«አንድ፣ ሁ…» ቡሽ አልጨረሰም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እሱም ከወንበሩ ዘሎ ወርዶ የእህቱን ቀሚስ ያዘ።

ከዚያ ወረደ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ በረዶ። ሰላጣውን ቆራርጦ ጣለው፤ የዱባውን ቅጠል በሳሳው፤ የቲማቲሙ ድጋፎች አንድ በአንድ ተጋደሙ። በመደቦቹ መካከል ያለው መንገድ ቦይ ሆነ። ከፕላስተሩ ሥር ቀጭን ውሃ ሲፈስ ሚሊ ከመስኮቱ ሆና አየችው። መለኪያው ከላይ የሚቀበለውን ሁሉ ከታች ይለቅ ነበር።

«ሚሊዬ፣ ስንት ደረሰ?»

«በጣም እየዘነበ ነው አባባ። ይዝጉት!»

«አባባ፣ እንለፍ እንጂ! እዚህ ገና ካፊያ ነው!» አለ ከኋላቸው አንድ ሰው። አንዲት ሴት ደግሞ፦ «እንደ ማክሰኞው ሊያቆሙን ነው! ልጆቼ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው እኮ!»

«ሰማሽ?» አሉ አባባ ድልድይ። «ኢንጂነሩ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ቁጥር ስጪኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሚሊ ወደ ወንድሟ ዞረች። ብስኩቱን አፉ ውስጥ ይዞ ማኘኩን ረስቶታል።

«ሃያ ሦስት» አለች።

«ሃያ ሦስት!» ሲሉ አባባ ድልድይ ሰማቻቸው። የድልድዩ መዝጊያ ሰንሰለት ተንኳኳ። ጫጫታው ጨመረ፤ አንዱ ተሳደበ፤ ጥሩንባው ተደጋገመ።

ሚሊ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አሁኑኑ ልንገራቸው ብላ አሰበች። ግን ቁጥሩ የፈጠራ መሆኑን ኢንጂነሩ ቢሰማ ሰንሰለቱን ያስፈታ ይሆናል። ዝናቡ ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ይኸው ውሃው ደረጃው ድረስ መጥቷል። ስልኩን እንደያዘች ጠበቀች። ደቂቃዎቹ አላልቅ አሉ። ቡሽ አጠገቧ ተቀምጦ ጆሮውን ከስልኩ ጀርባ ለጠፈ።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ያለው ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

ከጸጥታው ሥር ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከባድ፣ የሚጎትት፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያጋጭ።

«እዩት! እዩት!»

«መደገፊያውን ይዞት ሄደ!»

«እዚያ ላይ ብንሆን ኖሮ…» አለች ያቺው ሴት፤ የቀረውን አልተናገረችም።

«ሚሊዬ» አሉ አባባ ድልድይ። «ሰው አተረፍሽ። ተባረኪ፣ እደጊ።»

«ይሄ ነው ሥራ ማለት!» የሚል ወፍራም የወንድ ድምፅ ከአጠገባቸው ተሰማ። «አዩ አባባ? ቁጥር ሲኖር እንዲህ ነው። እንደ ባለፈው በዓይን ብቻ ሲሆን ግን…»

«ልክ ነህ፣ ኢንጂነር» አሉ አባባ ድልድይ። «ዓይኔ ነው። ምን ይደረግ፣ አረጀ።»

ሚሊ ተነሥታ ወደ ውጭ አየች። በረዶው አባርቷል። ጓሮው ነጭና ቡናማ ሆኖ ተዘበራርቋል። መለኪያው ከእንጨቱ ላይ ተነቅሎ መሬት ወድቋል። ስብርባሪው ከበረዶው ጋር ተደባልቆ የትኛው መስታወት፣ የትኛው በረዶ እንደሆነ አይለይም።

ቡሽም አየው። ፊቱ በራ።

«ተገላገልሽ!» አለ በሹክሹክታ። «በረዶው ሰበረው እንላለን! ማንም አያውቅም። እኔ ራሴ እመሰክርልሻለሁ፤ በነፃ!»

እውነቱን ነው። ማንም አያውቅም። መምህሩ «አይዞሽ» ይሏታል፤ ምናልባት ትምህርት ቤት ሲከፈት በሰልፍ ላይ ያስጨበጭቡላታል። ነጎድጓዱ ከተማውን አልፎ ሄዷል። ስልኩ ውስጥ አባባ ድልድይ አንድን ሰው ስለ መነጽር ዋጋ ይጠይቃሉ።

«በይ ልጄ፣ ልዝጋው። ሂሳብሽንም ጨረስኩብሽ» አሉና ሳቁ። ራሳቸው መደወላቸውን ረስተውታል።

«አባባ፣ እንዳይዘጉት!»

«ምነው? ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ኢንጂነሩ እዚያው አሉ? ስልኩን ይስጧቸው።»

ቡሽ እጇን ያዘ። «ምን ልትይ ነው? ሚሊ! ኧረ ተይ!»

እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አስለቀቀች። ስልኩ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ኮሽታው ተሰማት።

«ሃሎ? ጀግናዋ ልጅ!» አለ ወፍራሙ ድምፅ። «አቤት፣ ምን ልርዳሽ?»

«የማክሰኞው ቁጥር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «የማክሰኞው ቁጥር ስድስት አልነበረም። የዛሬውም ቢሆን በግምት ነው። መለኪያውን ከሁለት ሳምንት በፊት ሰብሬዋለሁ።»



«ታዲያ ማክሰኞ ስንት ነበር?» አለ ኢንጂነሩ።

«እኔ አላውቅም» አለች ሚሊ። «አባባ ግን አይተውታል። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»