ቁራጭ አይጣልም

ሽማግሌው መጽሐፍ ጠራዥ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ አልጋቸው ላይ ተኮራምተው ሞተው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በፊት ከተደረገላቸው ቀዶ ጥገና በኋላ አንጀታቸው ስለጠበበ የሚበሉት የተላጠና የላመ ብቻ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ጠባቡ ቦታ ላይ የባቄላ ገለፈትና ፉርሽካ ተወትፎ አገኘ።

ምግባቸውን የምትሠራው ባሏ የሞተባት ምራታቸው ናት። ባልደረቦቹ «አዝጋሚው» የሚሉት መርማሪ «ቆይ» ባይል ኖሮ ካቴናው ተዘጋጅቶላት ነበር።

«ወረቀቱን አይቼ ነው የሠራሁት» አለች፣ የወጥ ቤቱን ግድግዳ እያሳየች። «እናቴን ላስታምም ሄጄ በሳምንቴ ስመለስ፣ የአባባ ወንድም ‹ሐኪሙ ምግቡን ቀይሮለታል፤ አዲሱ ትእዛዝ ይኸው› አሉኝ።»

ወረቀቱ ፉርሽካ፣ ገለፈቱ ያልተነሳ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ ከነልጣጩ ይላል። ሆዱ ለሚደርቅ ሰው መድኃኒት፣ ለሟቹ መርዝ። መርማሪው ነቀለው። በጢስና በዘይት በወየበው ግድግዳ ላይ የድሮው ወረቀት ሸፍኖት የነበረ ንጹሕ ቦታ ታየ፤ ከአዲሱ በሦስት ጣት ይረዝማል። የአዲሱ አናት ተቆርጧል፤ ምላጭ እንኳ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም።

«ሽማግሌው ምንም አላሉም?»

«‹ልጄ፣ ገለፈቱን ምነው ተውሽው?› ብለውኝ ነበር። ‹ሐኪሙ ነው› አልኳቸው።» ቀሪውን ሳትነግረው ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች።

ታናሽ ወንድምየው መጠረዣ ቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ ነበሩ።

«እኔ? ወጥ ቤት ገብቼም አላውቅ! መጠረዣ ቤቱን ሊያወርሳት ነበር፤ መጠበቅ አቃታት።»

«የእርስዎስ ሆድ ደህና ነው?»

«የኔ ሆድ? ድንጋይ ብውጥ ይፈጫል!» እየሳቁ በመቁረጫው መኪና ወረቀት ከረከሙ። ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁራጭ አነሱና ሙጫ ቀብተው የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ለጠፉት።

«ይህ ለምንድን ነው?»

«ጀርባው እንዲጠነክር። ቁራጭ አይጣልም፤ ወንድሜ ነው ያስተማረኝ፣ ነፍሱን ይማረው።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ሽማግሌውን ያክም የነበረውን ዶክተር ጨምሮ ሁሉንም እዚያው መጠረዣ ቤት ሰበሰባቸው።

«ዶክተር፣ ምግባቸውን ቀይረዋል?»

«በጭራሽ!»

«ስለዚህ ወረቀቱ የሌላ በሽተኛ ነው። ክሊኒኩ ሁሉንም በአንድ ልክ ያትማል፤ ይህ ግን አጥሯል። የጎደለው ስም የሚጻፍበት አናቱ ነው፤ የተቆረጠውም በዚህ መኪና።»

«መኪናውን እሷም ታውቀዋለች!» አሉ ወንድምየው።

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ቁራጩን የፈለግኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ያቃጥለዋል። እጅ ግን የለመደውን አይተውም።»

ምራት እናቷ ዘንድ በሰነበተችበት ሳምንት የተጠረዙትን አራት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የሁለቱ ጀርባ ባዶ ወረቀት ነበር። የሦስተኛውን ሲሰነጥቀው ከሙጫው ሥር የክሊኒኩ ማኅተም፣ ከጎኑም የወንድምየው ስም ከነአባታቸው ወጣ።

ወንድምየው ጎንበስ ብለው ከጀርባው የወደቀችውን ቅዳጅ ሳያስቡት አነሱ። ካቴናው ሲገባላቸውም በጣታቸው ይዘዋት ነበር።

«በይ እህቴ፣ ነፃ ነሽ» አላት መርማሪው።

ምራት እፎይ አላለችም።

«‹ሐኪሙ ነው› ስላቸው» አለች፣ «‹እሺ ልጄ› ብለው ሳህኑን ጨረሱት።»