ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል

የአንደኛ ክፍሉ መምህር ሰዓት አክባሪና ቁጡ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ «ኮስታራው» ይሉታል። ያውቃል፤ ደስም ይለዋል።

የእሱን ክፍል ከአፀደ ሕፃናቱ የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳቁም ጫጫታውም አያባራም። አንድ ቀን አላስችል ብሎት በሩን አንኳኳ።

«የእኔ ተማሪዎች ፊደል እየቆጠሩ ነው። የእርስዎስ ምን እየሠሩ ነው?»

«ገበያ ላይ ናቸው» አለች የሕፃናቱ መምህርት፣ እየሳቀች ከጉልበቷ ላይ አሸዋ እያራገፈች። «ካሻዎት እርስዎም ይግዙ።»

ሳቋ አናደደው። ይባስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከጆሮው አልጠፋ አለ።

ለርዕሰ መምህሯ አቤት ያለው ስለ ጩኸቱ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን «ልጆቻችን ዓመቱን በጨዋታ ጨረሱ» የሚሉ ወላጆች ፋታ ነስተዋቸው ስለነበር፣ የእሱ ስሞታ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባቸው። መምህርቷ በወሩ መጨረሻ እንድትለቅ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት።

ይህን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሳ። ሄዶ ፊቷ ቆመ።

«የከሰስኩዎት እኔ ነኝ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም።»

 ብትሰድበው በወደደ።

«የከሰሱት ያላዩትን ነው» አለች። «ነገ ይምጡና ይዩ።»

በማግስቱ ተማሪዎቹ ስፖርት ላይ ሳሉ መጣና በሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱ ደረቱን እየነካው ተቀመጠ። ወሩን ሙሉ ለማንም ቃል ያልተነፈሰች አንዲት ልጅ አሸዋ ትሸጣለች። ሁለት ገዢዎች አንድ ኩባያ አሸዋ ላይ ተጣሉ። ልጅቷ ለሁለት ከፈለችው፤ ሁለቱን ድርሻ አስተያየች፤ ካንዱ ቀንሳ ወደ ሌላው ጨመረች።

«አሁን እኩል ነው! ማንም እንዳያለቅስ!»

«እኩል» የምትለዋን ቃል ለማስረዳት እሱ ሁለት ሳምንት ጠመኔ ጨርሷል። ወደ መምህርቷ ዞረ። እሷ ልጅቷን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። ሁለቱም ባንዴ አቀረቀሩ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቶ ያየውን አንድ በአንድ ተናገረና «ተሳስቼ ነበር» አለ። ደብዳቤው ተነሳላት። ግን ዘግይቷል፤ እሷ ለሌላ ትምህርት ቤት ፈርማለች፤ ቃሏንም አታጥፍም። ተረካቢ ካልተገኘ ክፍሉ መዘጋቱ ነው።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ።

«ከአንደኛ ክፍል ወደ ታች?» አሉ ርዕሰ መምህሯ። አዳራሹ ሳቀ።

«አዎ።»

ደጅ ላይ ደረሰችበት። «አብደሃል እንዴ አንተ?»

«አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ታስተምሪኛለሽ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አስተማረችው። ከሁሉ የከበደው ዝም ማለት ነበር፤ ልጅ ተሳስቶ ራሱ እስኪያርም መጠበቅ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የእንጨት ኩቦች ሲለቅሙ ብዙ ዝም አሉ። መውደዷን ያወቀችው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ዓመት አልፎ ላግባሽ ሲላት፣ ለእናቷ ነገረቻቸው።

«ለመሆኑ ምን ይሠራል?»

«ከሕፃናት ጋር ይጫወታል።»

«ሥራውን ነው የጠየቅኩሽ!»

«ሥራው ነው፣ እማዬ። ሠላሳ ሁለት ልጆች።»

እናትየዋ ቀና አሉ።

«ሠላሳ ሁለት? እንግዲያው ይምጣ። እነሱን የቻለ አንቺንም ይችልሻል።»

ትምህርት ቤቶቹ ለክረምት እንደተዘጉ ተጋቡ።