ያልዳነችው ልጅ ምስክርነት

«እጅሽን አንሺልኝ» አለች አክስቷ።

ኤሊ እጇን አላነሳችም። መዘምራን ልብስ የሚቀይሩባት ክፍል መስኮት የላትም። በሩ ላይ አክስቷ ቆማለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ጉባኤው ይዘምራል። ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ጥርቅም አድርጎ የያዛት ጠንካራ ፕላስቲክ ከሥሩ የለበሰችውን ካናቴራ በላብ አርሶታል። ለተጣመመው አከርካሪዋ ሐኪም ያዘዘላት ነው፤ ስትታጠብ ብቻ ታወልቀዋለች። «ኤሊ» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ላይ አልቅሳለች። አሁን ግን የጫማዋ ክር ሲፈታ ማጎንበስ ስለማትችል «ኤሊን እርዷት እንጂ!» እያለች ራሷ ትጮህባቸዋለች።

«አውልቀሽ በእጅሽ ይዘሽው ትወጫለሽ» አለች አክስቷ። «ከዚያ ‹ጌታ ፈወሰኝ› ትያለሽ። በቃ።»

«አልዳንኩም እኮ።»

«በእምነት ድነሻል!»

«ራጁ ማክሰኞ ነው፣ አክስቴ። ሐኪሙ እስከዚያ እንዳታወልቂው ብሎኛል።»

«ሐኪም የሚያየው አጥንት ብቻ ነው።»

ኤሊ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ያመማት እኮ አጥንቷን ነው።

ግን አልሳቀችም። እናቷ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ሳትወጣ ከቀረች ወዲህ ያሳደገቻት ይቺ ፀጉር ሠሪ አክስቷ ናት። ቀኑን ሙሉ በሰው ፀጉር ላይ ስትደክም ውላ፣ ያበጡ ጣቶቿን እያሸች ተንበርክካ የምትጸልይላትም እሷው ናት። ለእሷ እምቢ ማለት ለእግዚአብሔር እምቢ ማለት ይመስላታል። ብታወልቀው ውሸት ነው። ባታወልቀውስ? እስካሁን ያልዳነችው ባለማመኗ ቢሆንስ?

በሩ ተንኳኳና ጓደኛዋ ቀጭኔ ረጅም አንገቷን አስገባች። «ኤሊ፣ መጋቢው ቀጥሎ አንቺ ነሽ ብለዋል። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ!»

«እየመጣች ነው» ብላ አክስቷ በሩን መልሳ ዘጋችው። ወዲያው የላይኛውን ማሰሪያ ያዘችና ጨርር አድርጋ ፈታችው።

ቀዝቃዛ አየር የኤሊን ጎን ነካው። እንዴት ደስ ይላል! ለአፍታ ሁሉንም አውልቃ መጣል አማራት። ወዲያው ግን ወገቧ እንደ ደከመው ሰው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ተሰማት።

«አክስቴ፣ እንደሚያድነኝ ጌታ ነግሮሻል?»

የአክስቷ ጣቶች ሁለተኛው ማሰሪያ ላይ ቀሩ።

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልነገረኝም» አለች ማሰሪያውን ለቅቃ። «በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፣ ዝም ይለኛል። ግን ኦፕራሲዮን ካሉሽ እኔ… እናትሽን በሩ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ‹አሁን እመለሳለሁ› ብላኝ ነው የገባችው።»

ኤሊ ይህን ሰምታ አታውቅም። አክስቷ ፍርሃት የሚባል ነገር ያላት አይመስላትም ነበር። ለካ እዚህች ክፍል ውስጥ መውጫ የጠፋው ለእሷ ብቻ አይደለም።

«እኔንም ዝም ነው የሚለኝ» አለች። «ግን አንቺ እንዳስተማርሽኝ፣ ይሰማኛል ብዬ እጸልያለሁ።»

በድምጽ ማጉያው ተጠራች። ማሰሪያውን ራሷ እንደ ምንም ስባ አጣበቀችና አክስቷን አልፋ ወጣች።

መድረኩ ላይ ማይክሮፎኑ ዝቅ ብሎ ነበር። እሷ አታጎነብስም፤ መጋቢው ከፍ አደረጉላት።

«ምስክርነት አላት ተብሎ ነው የተጠራሁት» አለች። «ግን ገና አልዳንኩም። ማክሰኞ ራጅ አለኝ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፣ እፈራለሁ። ጌታን ግን አልተውኩትም። እሱም የተወኝ አይመስለኝም። ጸልዩልኝ።»

አሜን ይበል አይበል ጉባኤው ግራ ገባው። ቆይቶ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሜን፣ ልጄ» አሉ። አክስቷ ግን እስከ ፕሮግራሙ መጨረሻ ከዚያች ክፍል አልወጣችም።

ማክሰኞ ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ አየው። «የታዘዝሽውን ሁሉ አድርገሻል» አለ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን መጣመሙ ጨምሯል። ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል።»

ኤሊ ግድግዳው ወደ እሷ የተጠጋ መሰላት። ትንፋሿ ፕላስቲኩን እየገፋ ተመልሶ እዚያው ይቀራል። አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ግን አይሰማም።

«በሚቀጥለው ወር ይቻላል» አለ ሐኪሙ። «ትምህርት እስኪዘጋ መቆየትም ይቻላል፤ ግን ሲቆይ ሥራው ይከብዳል። ተመካከሩበት።»

አክስቷ ዞር ብላ አየቻት። እንደ እሁዱ «እንዲህ አድርጊ» አላለቻትም። «ያንቺ ጀርባ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ኤሊ ዓይኗን ጨፈነች። የሆነ ነገር ይሰማኝ ይሆን ብላ ጠበቀች። ከልቧ ምት ሌላ ምንም አልነበረም።

«ዝም ብትልም አብረኸኝ ግባ» አለች በሆዷ።

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«በሚቀጥለው ወር ይሁን።»